የሞተር ባትሪን ከአይሱዙ ባትሪ ጋር አትሙሉብን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ስመላለስ እውላለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ባትሪ ቻርጀር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በሞተርና በባጃጅ ለሚያድር ሰው ግን ባትሪ ሞተ ማለት የዚያን ቀን ገቢ የለም ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ባለፈው ግንቦት ባትሪው ደከመበትና ማታ አንድ ባትሪ ቤት ወሰድነው። የአይሱዙ፣ የሚኒባስና የባጃጅ ባትሪ በሽቦ ተቀጣጥሎ ተደርድሯል። ሠራተኛው የእኛንም መሃል ላይ ቀጠለው። «ይቺ እኮ ትንሽ ናት፤ አይበዛባትም?» አልኩት። «አቦ ችግር የለውም፣ ባትሪ ባትሪ ነው» አለኝ።

ጠዋት ስንመለስ ባትሪዋ ግራና ቀኝ አብጣ ጠበቀችን። ክዳኗ ተነስቷል፤ የወጣው አሲድ ሲሚንቶው ላይ አረፋ ሠርቶ ደርቋል። ቤቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ወንድሜ ሲነካት ገና ትኩስ ነበረች። ከተገዛች ሦስት ወር አልሞላትም። ማስሞያውንም ከፍለን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሰዎችን ስጠይቅ ከረምኩ። ነገሩ ሲገባኝ የበለጠ ተናደድኩ፤ ማንም ሊያውቀው የሚችል ነገር ነውና። ባትሪው ላይ የአምፔር ሰዓት (Ah) ቁጥር ተጽፏል፤ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚናገር ነው። የወንድሜ 5 ይላል፤ የእኔ ባጃጅ 32። የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 70 ነው። ባትሪ ሳይጎዳ የሚሞላው የዚህ ቁጥር አንድ አሥረኛ ያህል አምፔር ሲገባበት ነው። ለሞተሯ ግማሽ አምፔር፣ ለባጃጄ 3፣ ለመኪና ከ5 እስከ 7 መሆኑ ነው። ባትሪዎች አንዱ ካንዱ ተቀጥለው ሲሞሉ ግን በትልቁ የሚያልፈው አምፔር ሳይቀንስ በትንሿም ያልፋል። 8 አምፔር ለአይሱዙው ምኑም አይደለም። ለሞተሯ ግን ጡት ያልጣለ ሕፃንን በጆግ እንደ ማጠጣት ነው።

ሌላው ችግር የድሮ ቻርጀር ማቆም አለማወቁ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ እየተሞላ 14.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ ቻርጀሩ ሊያቆም ወይም ወደ 13.6 አካባቢ ሊወርድ ይገባል። ካላቆመ ባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፤ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለወጣል። ሃይድሮጅን በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። እኔ ያየሁት ባትሪ ቤት ደጃፍ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ይነድ ነበር።

የእኛ ሙቀት ደግሞ አለ። ያ 14.4 የሚባለው ቁጥር ለ25 ዲግሪ የተባለ ነው። ሙቀቱ 40 ሲደርስ ባትሪው 0.3 ቮልት ያህል ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ስለዚህ ሐረር ደጋው ላይ የማይጎዳ ቻርጀር እዚህ በግንቦት ቀትር ባትሪ ሊያፈላ ይችላል። እኔ የምሞላው ሌሊት ነው፤ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት።

በመጨረሻ የራሴን ቻርጀር ልገዛ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገባሁ። ነጋዴው ሁሉ የሚያሳየኝ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ነው። «20 አምፔር ነው፣ ቶሎ ይሞላል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ትንሹ ስንት ላይ ይወርዳል ስል ጠየቅኩ። ብዙዎቹ መልስ አልነበራቸውም። ሦስተኛው ሱቅ ላይ የሞተርና የመኪና መቀየሪያ ያለው፣ ሲሞላ ራሱ የሚያቆም አገኘሁ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ቢታሰር እንኳ ሥራ አይጀምርም። የከፈልኩት ከአንድ አዲስ የባጃጅ ባትሪ ዋጋ ያንሳል።

ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩ ራሱ ይቀጥል እንደሆነ ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ እዩ። አንዳንዱ ቁልፍ ካልተጫኑት ዝም ብሎ ያድራል። 12 እና 24 ቮልት በማብሪያ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ከማሰራችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። ድሮ የተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች ባለ 6 ቮልት ባትሪ ስላላቸው ለእነሱ 6 ያለው ያስፈልጋል። ሊቲየም ባትሪ ያለው ከራሱ ቻርጀር ውጭ አይነካ።

አሁን ሞልቼ ካወረድኩ በኋላ ጥቂት ሰዓት አሳርፌ ቮልቱን በቴስተር አየዋለሁ። 12.6 ወይም 12.7 ካሳየኝ ተረጋግቼ እተኛለሁ። ወንድሜም አዲሷን ባትሪ በዚሁ ነው የሚሞላው፤ እስካሁን አንድ ጠዋት አላስቀረችውም።

የምለምነው ባትሪ ቤቶችን ነው። የሞተር ባትሪ ሲመጣላችሁ ለብቻው እሰሩት፤ ለትንንሾቹ አንዲት ትንሽ ቻርጀር ለዩላቸው። የቻርጀር ነጋዴዎችም ካርቶኑ ላይ ያለውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጽፋችሁ ለጥፉልን፤ ደንበኞቻችሁ በሦስቱም ነው የሚያነቡት። ይህን ብታወጡልኝ ጋዜጣውን ይዤ ያቺ ባትሪ ወደ ተቃጠለችበት ቤት እሄዳለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባጃጅ ሹፌር፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ