በሰው አገር ስንኖር ጉርሻን በአገሩ ሕግ እንስጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከትውልድ አገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ተሰብስበው በሚመገቡበት ስፍራ፣ ሂሳብ ሲመጣ የሚነሣ የቆየ ክርክር አለ። አንዱ «የበላሁትን ከፍያለሁ፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅብኝም» ይላል፤ ሌላው የሂሳቡን አንድ አምስተኛ ጨምሮ ደረሰኙ ላይ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመልሱ የተረፈውን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይነሣል። ሦስቱም የሚያደርጉት ከመጡበት የለመዱትን ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ተከራካሪዎቹ የሚኖሩበት አገር ስለ አስተናጋጁ ደመወዝ ምን እንደ ደነገገ አንዳቸውም ሳይጠይቁ ለዓመታት ሲከራከሩ መስማቴ ነው።

ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ዛሬ ተቀምጬ የምስተናገድ ሰው ብሆንም፣ አሜሪካ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የቤት ኪራዬን የምከፍለው በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ከማገኘው ጉርሻ ነበር። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው ከራሱ ኪስ እንዲከፍል የሚገደደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይህም መጠን ከ1991 ወዲህ አልተሻሻለም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አጠቃላዩ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን 5 ዶላር ከ12 ሳንቲም ሕጉ የሚጠብቀው ከደንበኛው እጅ ነው። ጉርሻው ካልሞላ አሠሪው ልዩነቱን እንዲሸፍን ታዝዟል፤ ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው በሳምንት ስለሆነ፣ ባዶ እጅ የተመለሱበት የሰኞ ምሽት በቅዳሜው ገቢ ተሸፍኖ ይቀራል።

ተቀምጦ የሚመገብ ሰው የማያየው ሌላም ነገር አለ። በብዙ ምግብ ቤቶች አስተናጋጁ ጉርሻውን ለብቻው አይወስድም፤ ሳህን ለሚያነሣው፣ መጠጥ ለሚቀዳው፣ እንግዳ ለሚቀበለው ያካፍላል። ሠራተኞቹ «ቲፕ አውት» የሚሉት ይህ ድርሻ፣ በብዙ ቦታ የሚሰላው ከተገኘው ጉርሻ ሳይሆን ከተሸጠው ሂሳብ ላይ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ከሽያጬ 4 በመቶ አወጣ ነበር። አንድ ምሽት ከልዩ ልዩ አገሮች መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ 12 ሰዎች በእኔ ጠረጴዛ ተስተናገዱ፤ 400 ዶላር ያህል ሂሳብ ከፍለው፣ እጄን ጨብጠው አመስግነው ሄዱ፤ ጉርሻ ግን አልተዉም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በመጡባቸው አገሮች እንዲህ ያለ ነገር አይጠበቅባቸውም ነበር። እኔ ግን በዚያ ምሽት ከሌሎች ጠረጴዛዎች ካገኘሁት ላይ 16 ዶላር አውጥቼ ለሥራ ጓደኞቼ አካፈልኩ። እነዚያን ሰዎች ሦስት ሰዓት ቆሜ ያስተናገድኳቸው የራሴን ገንዘብ ከፍዬ ነው ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የከነከነኝ፣ ብዙዎቹ በከተማው ከአምስት ዓመት በላይ የኖሩ መሆናቸውን ከጨዋታቸው መስማቴ ነበር። ለአንድ ሳምንት የመጣ ጎብኚ አለማወቁ ያስኬደዋል። የቤት ኪራይ ውል ፈርሞ፣ ግብር እየከፈለ፣ ልጆቹን በአገሩ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ግን አላውቅም ማለት አይችልም።

«ደመወዝ መክፈል የአሠሪው እንጂ የእኔ ግዴታ አይደለም» የሚለውን መልስ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ በመርህ ደረጃም ከልቤ እቀበለዋለሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1991 ያጸደቀው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው 172ኛው ስምምነት፣ ጉርሻን ደንበኛው መክፈል ካለበት ሂሳብ በላይ በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ ብሎ ይተረጉመዋል፤ ጉርሻ ኖረም አልኖረም ሠራተኛው በመደበኛ ጊዜ የሚከፈል መሠረታዊ ደመወዝ ሊያገኝ እንደሚገባም ይደነግጋል። በአሜሪካም ቢሆን ካሊፎርኒያን፣ ዋሽንግተንን፣ ኦሪገንንና ሚኒሶታን የመሳሰሉ ግዛቶች አሠሪው ጉርሻን ሳይቆጥር ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፍል ያስገድዳሉ። ልማዱም ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ሀብታም ተጓዦች ከአውሮፓ ያመጡት ሲሆን፣ በዘመኑ የተቃወሙትም ብዙዎች ነበሩ። የዋሽንግተን ግዛት በ1909 ጉርሻን በሕግ ከልክላ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ክልከላውን አንሥታለች። እንግዲህ ሥርዓቱ ሊለወጥ ይችላል፤ መለወጥም አለበት። ነገር ግን ጉርሻ የከለከለ ሰው አሠሪውን አልነካውም፤ አሠሪው የምግቡን ዋጋ ቀድሞ ተቀብሏል። ቅጣቱ ያረፈው ሳህኑን ባቀረበው ሰው ላይ ብቻ ነው። ሥርዓቱን የሚቃወም፣ አገልግሎቱን በዋጋው ውስጥ የሚያካትቱ ቤቶችን መርጦ መመገብ ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂት ቢሆኑም አሉ።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ኖሮ ወደ ፈረንሳይ የተዛወረ ሰው በየምግብ ቤቱ 20 በመቶ ሲጨምር አይቻለሁ። በፈረንሳይ ግን የአገልግሎቱ ዋጋ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው፤ አስተናጋጁም መደበኛ ደመወዝተኛ ስለሆነ፣ ደስ ያለው ደንበኛ ጥቂት ሳንቲሞች ቢተው በቂ ነው። በጃፓን ደግሞ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ መተው ግራ ያጋባል እንጂ አያስደስትም፤ በባህላዊ ማረፊያ ቤቶች ለአስተናጋጅ ምስጋና ሲሰጥ እንኳ ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ ነው፤ ስሙም «ኮኮሮዙኬ» ይባላል። በጀርመን ሂሳቡን ጥቂት ከፍ አድርጎ መክፈል የተለመደ ሆኖ፣ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ከመሄድ ይልቅ ሲከፍሉ ጠቅላላውን መጠን ለአስተናጋጁ መናገር ይመረጣል። እነዚህን ለመማር አንድ ምሽት ይበቃል።

በቃሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመኖችም ፈረንሳዮችም ይህን ገንዘብ የሚጠሩበት ስም «ለመጠጥ» የሚል ትርጉም አለው፤ እኛ ደግሞ ጉርሻ እንለዋለን። ሁሉም ስሞች የሚያመለክቱት በፍቅር የተጨመረ ጥቂት ነገርን ነው፤ ደመወዝን የሚያመለክት አንድም የለም። ስለዚህ በአንዳንድ አገሮች የሠራተኛው ኑሮ በዚህ ስም በሚጠራ ገንዘብ ላይ መመሥረቱ ቋንቋው ራሱ የማይመሰክርለት ነገር ነው።

በተለይ የሚያሳስበኝ ግን፣ የውጭ ነዋሪው ገቢ ከአገሩ ሰው ገቢ ብዙ እጥፍ በሚሆንባቸው አገሮች የሚታየው ጠባይ ነው። እዚያ የሚኖሩ አንዳንድ የውጭ ሰዎች በሆቴል በልግስና ይሰጣሉ፤ በስማቸው እንዲጠሩና ወንበር እንዲሳብላቸው ይወድዳሉ፤ በቤታቸው ለሚሠሩት ምግብ አብሳይ፣ ሾፌርና ጥበቃ የሚከፍሉት ግን በአካባቢው ከሚከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ አይበልጥም። ደመወዝ ይጨመር ሲባሉ «በየበዓሉ ጉርሻ እሰጣለሁ» ይላሉ። በጉርሻ የቤት ኪራይ ውል መፈረም አይቻልም፤ ሰጪው ሲከፋው ይቀራል፤ ተቀባዩም የማይወደውን እየሰማ ፈገግ እንዲል ያስገድደዋል። ገንዘብ የተረፈው ሰው መጀመሪያ ደመወዙን በውል ያሻሽል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ጉርሻ በእውነት ምስጋና ይሆናል።

ሌላው ሊጠየቅ የሚገባው ነገር፣ የሰጠነው ገንዘብ ከማን እጅ እንደሚገባ ነው። በብሪታንያ ብዙ ምግብ ቤቶች ሂሳቡ ላይ 12 ነጥብ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ደንበኛው ይህ ክፍያ ሠራተኛው ጋር እንደሚደርስ ቢያምንም፣ በካርድ የተከፈለውን አሠሪው እንዳያስቀር የሚከለክል ግልጽ ሕግ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ አሠሪዎች ጉርሻንና የአገልግሎት ክፍያን ያለ ቅናሽ ለሠራተኞች እንዲያከፋፍሉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በአሜሪካም በ2018 የወጣ ማሻሻያ አሠሪዎችና ሥራ አስኪያጆች የሠራተኛን ጉርሻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። እኔ በመጀመሪያ በሠራሁበት ምግብ ቤት ሥራ አስኪያጁ ከጋራ ሳጥኑ በየሳምንቱ ድርሻ ያነሣ ነበር። አብዛኞቻችን ወረቀታችን ገና ያልተስተካከለ የውጭ ሰዎች ስለነበርን፣ ጠይቀን ሥራችንን ከምናጣ ዝም ማለትን መረጥን። ዛሬ በምመገብበት ቤት ሁሉ አስተናጋጁን «ይህ ክፍያ ለእናንተ ይደርሳል ወይ?» ብዬ ቀስ ብዬ የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። አልደረሰም ከተባልኩ፣ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ክፍያው ከሂሳቡ እንዲነሣ አድርጌ ገንዘቡን በእጁ እሰጠዋለሁ።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ውጭ ለሚሄዱና በዚያ ለሚኖሩ አንባቢዎች ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ግብር በምታወጧቸው ጽሑፎች ውስጥ፣ በየአገሩ ጉርሻ ከደመወዝ ይቆጠር እንደሆነ፣ በሂሳቡ ውስጥ ተካትቶ እንደሆነ፣ ሕጉም የማን እንዲሆን እንዳዘዘ አብራችሁ ብታትሙ፣ የሚያነብበው የሚከፍለው ሰው ብቻ አይሆንም። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ነገ ማለዳ በሰው አገር ሽርጥ አስሮ ወይም የሆቴል አልጋ ሊያነጥፍ የሚነሣው ብዙ ነው፤ እርሱም ጋዜጣችሁን አንብቦ መብቱን ያውቃል። የደመወዝና የጉርሻ አሰላሉን ከሥራ ልምዴ ለማስረዳት ፈቃደኛ ነኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ከአገር ውጭ የሚኖር አንባቢያችሁ