የገና ስጦታ ይቅር አንበል፤ ፎቶግራፉ ግን ይቅር

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ጦርነት ሳይበርድ ገና በመጣ ቁጥር፣ «ሕዝብ እያለቀሰ የምን ስጦታ ነው?» የሚለው አስተያየት እዚህ ባሕር ዳር በየዕድሩና በየማኅበሩ ይነሣል። አስተያየቱ ከሐዘን የመነጨ ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ አልስማማበትም እንጂ።

እርግጥ ነው፣ በወረቀት የተጠቀለለው ዕቃና መብራት የሚበራበት ዛፍ ለእኛ የቅርብ ጊዜ እንግዶች ናቸው፤ ቢቀሩም የሚያጎድሉብን ነገር የለም። ቅርጫ ሲከፋፈል ለሌለው ሰው አንድ መደብ ማውጣትና ድፎ ዳቦ ቆርሶ ለጎረቤት መላክ ግን ነባር ልማዳችን ነው። በሰላሙ ጊዜ ይህ የመተሳሰብ ወግ ነበር፤ ዛሬ ግን አባወራው ለተለየው ወይም ከገጠር ተፈናቅሎ በከተማችን በአንዲት ክፍል ለተጠጋ ቤተሰብ፣ በዓሉን በዓል የሚያሰኘው ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ሰጪ ተቀባዩን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1914 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በእንግሊዟ ልዕልት ሜሪ ስም በተሰበሰበ ገንዘብ ለወታደሮች የገና ስጦታ በናስ ሣጥን ሲላክ፣ ለሚያጨሰው ትንባሆና ሲጋራ፣ ለማያጨሰው የጽሕፈት መሣሪያ፣ ከሕንድ ለመጡት ለብዙዎቹ ደግሞ ጣፋጭና ቅመም ተመርጦላቸው ነበር። ጦር ሜዳ ለሚውል ሰው ይህን ያህል ከታሰበ፣ እኛ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ቅቤ ማደላችን፣ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋም ለሙስሊም ተፈናቃይ መላካችን ያሳፍራል። ዘይት፣ የጤፍ ዱቄት፣ ከሰል፣ ለልጆችም ደብተር ቢሆን ማንም በደስታ ይቀበለዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስጦታው የሚሰጥበት መንገድ ነው። ባለፈው ገና አንድ የበጎ አድራጊዎች ቡድን ዱቄት ሲያድል ቆሜ አይቻለሁ። ስልኩ ከፍ ሲል አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች፤ አስተባባሪው «እናቴ፣ ቀና ይበሉ» አላት፤ ፎቶው እስኪነሣም ከረጢቱን ከእጁ አልለቀቀውም። ሴትዮዋ ፊቷን የሸፈነችው በይሉኝታ ብቻ አይመስለኝም። ሸሽቶ የመጣ ሰው የት እንዳለ ማን እንዲያውቅበት እንደማይፈልግ እርሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፎቶግራፉ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አንሺው እንኳ አያውቅም። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለው ትእዛዝ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከትሕትና አልፎ የደኅንነት ጉዳይም ይሆናል።

የልደቱ ታሪክ ራሱ ይህንን ያስተምረናል። ሰብአ ሰገል ወርቁን፣ ዕጣኑንና ከርቤውን ካበረከቱ በኋላ፣ ሕፃኑን የሚፈልገው ሄሮድስ ዘንድ ሳይመለሱ በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው እንደ ሄዱ ማቴዎስ ጽፎልናል። ስጦታቸውን በየዓመቱ እንሰብካለን፤ በሌላ መንገድ መሄዳቸውን ግን ብዙም አናነሣውም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በዚህ በዓል የእርዳታ ዜና ሲያወጣ የተቀባዮችን ፊትና የተጠጉበትን ቦታ ስም እንዳያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ። መታየት የሚፈልግ ለጋሽ ካለም የራሱን ፊትና የዘይቱን ጀሪካን ቢያሳይ ቅር የሚለው የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ