ቦርዳችሁ ፀሐይ ላይ ለምን ደበዘዘ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ከበረታች ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልናል። በሐምሌ ደመና ከሩቅ ይነበብ የነበረው ዲጂታል ታፔላ ቦርድ አሁን ቀትር ላይ አይታይም ነው የምትሉን። እውነታችሁን ነው። ምክንያቱን ልናስረዳችሁ፣ የእኛ ጥፋት የሆነውንም ልናርም ይህን ጽፈናል።

ደጃችሁ ላይ የተሰቀለው ቦርድ ፒ10 ከሚባሉ ሞጁሎች፣ ማለትም ትንንሽ አምፖሎች ከተደረደሩባቸው ሰሌዳዎች፣ የተገጣጠመ ነው። አንዱ ሞጁል በወርድ 32፣ በቁመት 16፣ በድምሩ 512 አምፖል አለው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይበሩም። 16ቱ ረድፎች በአራት ተራ ተከፍለው አራት አራት እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ፍርርቁ ስለሚፈጥን ለዓይናችን ሁሉም የበራ ይመስላል። በስልክ ፎቶ ስታነሱት ጥቁር መስመር የሚታየውም ለዚህ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

እንግዲህ እያንዳንዱ አምፖል የሚበራው ከጊዜው ሩቡን ብቻ ነው። ሳያቋርጥ በ5 ሚሊአምፔር ከሚበራ አምፖል እኩል እንዲደምቅ፣ በተራው 20 ሚሊአምፔር ያህል የኤሌክትሪክ ፍሰት ማግኘት አለበት። ለቤት ውስጥ ከሚሠሩት ርካሽ ሞጁሎች ብዙዎቹ ተራቸው 16 ወይም 32 ነው፤ አንዱ አምፖል የሚበራው ከጊዜው 1/16ኛውን ወይም 1/32ኛውን ብቻ ነው። ዋጋ ቀንሱ ስትሉን እነሱን ለውጭ አንሰጥም የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ኃይሉ ለምን አይጨመርም? ከልኩ ካለፈ አምፖሉም፣ አምፖሉን የሚያበራው ቺፕም ይጎዳል። ቦርዱን የሚያዘው ካርድ ድንገት ቀጥ ካለ ደግሞ ተራው ይቆማል፤ ለሩብ ጊዜ የታሰበው ኃይል አንዱ ተራ ላይ ባሉት ረድፎች ሳያቋርጥ ይወርዳል። ቦርዳችሁ አንዳንድ መስመር ብቻ አብርቶ ከቀረ ቶሎ አጥፉት።

የብዙዎቻችሁ ችግር ግን ሽቦው ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ፋርማሲ ደጃፍ መሰላል ላይ ወጥተን በቴስተር ለካን። ለቦርዱ ኃይል ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ 5 ቮልት ሆኖ የወጣው፣ መጨረሻው ሞጁል ላይ ሲደርስ 4.3 ሆኗል። ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር)፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ነበር፤ 10 አምፔር ሲያልፍበት በመሄጃና በመመለሻው 0.7 ቮልት ያህል ይበላል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቀዩ አምፖል ራሱ 2 ቮልት ያህል ስለሚወስድ፣ የአምፖሉን ፍሰት ለሚወስነው ሬዚስተር የሚተርፈው ከ3 ወደ 2.3 ይወርዳል፤ ብርሃኑም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ነጩ ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልግ ይብስበታል። ባለ 4 ካሬ ሽቦ ስንዘረጋለት ጫፉ ላይ 4.7 ደረሰ፤ የፋርማሲው ባለቤት ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው አነበቡት።

ቀጭኑን ሽቦ የዘረጋነው እኛ ነን። ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ቦርድ ከእኛ ለገዛችሁ ሁሉ ሽቦውን ያለ ክፍያ እንቀይራለን።

ለማጣራት ቦርዱን ሙሉ በሙሉ አብሩና ሁለቱን ጫፎች አስተያዩ። ከፓወር ሰፕላዩ የራቀው ጫፍ ከፈዘዘ ደውሉልን። እስክንመጣ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማንም በካቻቢቴ እንዳይነካት አደራ። ቮልቱን ከፍ ሲያደርጉት ሩቁ ጫፍ ይደምቃል፤ ቅርብ ያሉት ሞጁሎች ግን ቺፓቸው ሲቃጠል አይተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲጂታል ታፔላ ሥራና ጥገና ቤታችሁ