መስኮቱ ላይ የቀረ ፊደል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በፋሲካ ሰሞን ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ሄጄ ነበር። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሹ ልጄ ታዲያ ገና አዲስ ዘመን ከተማ ሳንደርስ "ደረስን?" ማለት ጀመረ።

ፋሲል ግቢን አይተን ስናበቃ ወደ ድሮው ኮሌጄ ወሰድኳቸው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ለማሠልጠን የተከፈተው፣ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። ለፈተና ስገባ ማለቂያ የሌለው ይመስለኝ የነበረው ኮሪደር ለካ አጭር ኖሯል! ዶርማችን ቢሮ ሆኗል። የመስኮቱ ደፍ ላይ በምስማር የጫርኩት "ሀ" ግን አለ። ቀለም በላዩ ላይ ተደራርቦበታል፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ያስታውቃል። ልጄን አስነካኋት።

"አባዬ፣ የመንግሥት ንብረት አበላሽተሃል ማለት ነው?" አለችኝ። እናቷ በሳቅ ሞተች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስለ ጎንደር ስትጽፉ ከነገሥታቱ ግንብ አትወጡም። ግንቡ ይገባዋል፣ አልከፋኝም። ግን ከዚህ ግቢ ተመርቀው ገጠር ለገጠር ስለዞሩት የድሮ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒተሪያኖችም (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) አንድ ገጽ ስጡን። በሕይወት ያሉት ሸምግለዋል፤ ቶሎ ብታናግሯቸው ይሻላል።

የድሮ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር