ስለ ስኮፕ ማሰሪያ፦ «ሻጩ ይገጥምላችኋል» የሚለው ምክር ይታረም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ስለ አጋዘን አደን በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ፈቃድ ስለማውጣት፣ ጥይት ስለመምረጥና ስለ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ ስለሚገጠመው አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር) የማጉላት ዐቅም በቋንቋችን እንዲህ ተብራርቶ ሲጻፍ ማየት ያስደስታል። ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር ስለሚያያይዘው ማሰሪያ ግን ጸሐፊው የሰጡት ምክር «ማሰሪያ ሁሉ አንድ ነው፤ የሸጠላችሁ ሰው ይገጥምላችኋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ምክር እኔም ሰምቼ ተቀብዬው ስለነበር፣ ምን እንዳስከተለብኝ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ከተማ ሲሆን በሙያዬ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። በዚያ ዓመት የ30-06 ጥይት የሚተኩስ ሬሚንግተን 700 ጠመንጃ ገዛሁ፤ ለስኮፑም ከጠመንጃው ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ አወጣሁ። ማሰሪያው ላይ ስደርስ ግን እጄ አጠረና ከመደርደሪያው ርካሹን አነሣሁ፤ የሱቁ ሠራተኛም ምሳ በልቼ እስክመለስ ገጥሞ አቆየኝ። ተኩስ ሜዳ ወስጄ በ100 ሜትር ሳስተካክለው ጥይቶቹ መሐል ላይ ስለተደራረቡ ሌላ ነገር አልጠረጠርሁም።

በጥቅምት መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ሥጋ ወደ ቤት ላስገባ ብዬ ተራራ ወጣሁ። (ኤልክ የሚሉት ትልቅ የአጋዘን ዘር ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ መሆኑን እናቴ በስልክ ደጋግማ ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ ነው የፈቀደችልኝ።) 180 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታ የቆመች እንስት አገኘሁ። ጠመንጃውን ከረጢቴ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከትከሻዋ ኋላ አነጣጥሬ ቃታውን ሳብሁ። አልወደቀችም። በበረዶው ላይ የነጠበውን ደም እየተከተልሁ እስኪመሽ ሄድሁ፤ በማግሥቱም ጎሕ ሳይቀድ ተመልሼ ፈለግሁ፤ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስላደረ ግን ዱካዋ ጠፍቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የወቀስሁት የገዛ እጄን ነው።

ተኩስ ሜዳ ተመልሼ ሦስት ጥይት ብተኩስ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተራርቀው፣ ከመሐሉም አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ሸሽተው አገኘኋቸው። ቤት ገብቼ ስኮፑን ከሚያቅፉት ቀለበቶች ሳወጣ፣ ቀለበቱን የሚሸከመውና ጠመንጃው ላይ በቪቴ የታሰረው የፊተኛው መቀመጫ በአውራ ጣቴ ስገፋው ይነቃነቃል፤ ቪቴዎቹ ግን በካቻቢቴ ስሞክራቸው ንቅንቅ አይሉም። ለመካኒክ ይህ እንቆቅልሽ አይደለም፤ ቪቴው ከልኩ በላይ ረዝሟል ማለት ነው። በዚህ ጠመንጃ ላይ የፊተኛው ቀዳዳ የሚገኘው የአፈሙዙ ቱቦ ከጠመንጃው አካል ጋር በፊሌት (በቪቴ ጥርስ) ከሚገናኝበት ቦታ በላይ ስለሆነ፣ የረዘመ ቪቴ ጫፉ ከቱቦው ብረት ጋር ይጋጭና ይቆማል። የሚያጠብቀው ሰው እጁ ላይ «ጠብቋል» የሚል ስሜት ይሰማዋል፤ መቀመጫው ግን ከሥሩ አልተያዘም። ጥቂት ጥይት እስኪተኮስ ድረስ ባለበት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የጠመንጃው ርግጫ ያላላዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው የምሳ ሰዓት ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ትንሽ መላላት ምን ያህል ጥይት እንደሚያስት ለመረዳት ሒሳቡ ቀላል ነው። በፊትና በኋላ ቀለበቶች መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ እንበል። አንደኛው ጫፍ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ ከታለመበት ቦታ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ በ200 ሜትር ላይ ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስኮፑ የቱንም ያህል ውድና ጥርት ያለ ቢሆን ይህን ሊያርመው አይችልም፤ የሚያሳየው የተሳሳተውን ቦታ አጥርቶ ነው።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የጠመንጃውን ሞዴል ነው። ሬሚንግተን 700ን ብቻ ብንወስድ ረጅምና አጭር አካል ያለው አለ፤ የፊቱና የኋላው ብረት ከፍታም እኩል ስላልሆነ መቀመጫው ለዚያው ሞዴል ተለክቶ የተሠራ መሆን አለበት፤ ቪቴዎቹም ከዚያው ማሸጊያ የወጡት ናቸው እንጂ ከሳጥን ውስጥ ተለቃቅመው አይደለም። እንደ ሩገር ኤም 77 እና እንደ ሳኮ ባሉት ላይ ደግሞ መቀመጫው ከጠመንጃው አካል ጋር አብሮ ስለተቀረጸ ለእነርሱ የተሠራ ቀለበት ይፈለጋል። ባለ ሁለት ቁራጩ መቀመጫ ቀለል ይላል፤ ጥይት ለማጉረስም ጣት ያስገባል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የፊቱንና የኋላውን በአንድ መስመር የሚይዘውን ወጥ ሃዲድ፣ ማለትም ባለ አንድ ቁራጩን መቀመጫ መርጫለሁ፤ በጓንት ማጉረስ ትንሽ ቢያስቸግርም ቅር አይለኝም።

በሃዲዶቹም መካከል ልዩነት አለ። ስሙን ኒው ጀርሲ ካለው የጦር መሣሪያ ማዕከል ያገኘውና እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ ጦር መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ፒካቲኒ፣ የአግድም ቦዮቹ ስፋት 5.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ርቀታቸውም የተወሰነ ነው። ከእርሱ የሚቀድመው ዊቨር ጠበብ ያለ፣ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ቦይ አለው። በመሆኑም የዊቨር ቀለበት ብዙ ጊዜ ፒካቲኒ ላይ ይቀመጣል፤ የፒካቲኒ ቀለበት ግን ዊቨር ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም። የትኛውም ቢሆን ቀለበቱ ከመጥበቁ በፊት ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ተገፍቶ ከቦዩ ግድግዳ ጋር መነካካት አለበት፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ ስኮፑ ወደ ፊት መንሸራተት ይፈልጋልና። የፊተኛው ቀለበት ገብቶ በመዞር በሚቆለፍበት የቆየው ዓይነት ደግሞ ቀለበቱ የሚዞረው በእንጨት ዘንግ ነው። ስኮፑን ራሱን እንደ እጀታ ይዘው ሲያዞሩ አይቻለሁ፤ ቱቦው የሚጣመመው ያኔ ነው።

የቀለበቱ ስፋት ከስኮፑ ቱቦ ጋር፣ 25.4፣ 30 ወይም 34 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በትክክል መግጠም አለበት፤ ክፍተቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። ከፍታው ግን በቁጥር ብቻ አይወሰንም። የፊተኛው መስታወት አፈሙዙን ሳይነካ፣ የመቀርቀሪያውም እጀታ ስኮፑን ሳይገጭ የሚገኘው ዝቅተኛ ከፍታ ጥሩ ነው፤ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ሳይነሣ ዓይን መስታወቱን ማግኘት አለበትና። ዓይንን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻ ላይ ማሳረፍና ከዚያ መግለጥ ነው፤ ዙሪያው ጥቁር ሳይሆን ሙሉ ምስል ከታየ ልኩ ተገኝቷል። ይህን ሙከራ ሱቅ ውስጥ በሸሚዝ አታድርጉት። በጥቅምት የምንለብሰው ወፍራም ካፖርት ጠመንጃውን ከትከሻ ስለሚያርቀው ዓይንና መስታወት ሊኖራቸው የሚገባው የ8 ወይም የ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይዛባል። ሽቅብ ሲተኮስ ደግሞ ዓይን ስለሚቀርብ የብዙ አዳኝ ቅንድብ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

አገጣጠሙን በተመለከተ ቀዳዳዎቹ ከዘይት በአልኮል ይጽዱ፤ የመቀመጫው ቪቴዎች ሰማያዊውን የፊሌት ማጣበቂያ ጠብታ ይቀቡ፤ የቀለበቱ ክዳን ቪቴዎች ግን ደረቅ ሆነው፣ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል እስኪሆን ተራ በተራ ይጥበቁ። የክዳኖቹ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ትክክለኛው ከአምራቹ ወረቀት ላይ ይገኛል። ይህ ልክ በእጅ ግምት አይገኝም። የመኪና ጎማ ብሎን ያስለመደው እጄ ቱቦ ሊጨፈልቅ ስለሚችል ልክ የሚያሳይ ካቻቢቴ ገዝቻለሁ።

ጽሑፋችሁ በሥዕል ያሳየውን በእጀታ የሚላቀቅ ማሰሪያ በተመለከተ፣ የብረት ማነጣጠሪያ ላለው ጠመንጃ ይጠቅማል፤ ስኮፑ ቢሰበር ነቅሎ መተኮስ ይቻላልና። እንደ እኔው ያለ ማነጣጠሪያ የሌለው ጠመንጃ ላይ ግን ሊላላ የሚችል አንድ ተጨማሪ ነገር ከመግዛት አይለይም።

ይህን ሁሉ ያልሁት ጸሐፊውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የአደን ወቅት ሳይከፈት በሚቀጥለው እትማችሁ «ማሰሪያ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው መስመር ተነሥቶ፣ «የጠመንጃችሁን ሞዴልና የስኮፓችሁን ቱቦ ስፋት ይዛችሁ ግዙ፤ ሲገጠምም አጠገቡ ቁሙ» በሚል እንዲታረም ለመጠየቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ