ከመክፈልሽ በፊት ዳሌቷን እዪ

ሀዳሳዬ፣ የኔ እናት፣

እንኳን ለ18ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ። አማርኛው ከከበደሽ አክስትሽ ታንብብልሽ። በዕብራይስጥ ብጽፈው አንጀቴ አይደርስም።

የስልክ ሽፋኑን ፎቶ አየሁት። ስምሽ በወርቃማ ቀለም ጥቁር ላይ ሲያምር! ግን ከመክፈልሽ በፊት ዳሌቷን እዪ። ማተሚያ ቤቱ ውጭ አገር ነው ብለሽኛል። ዕብራይስጥ የማያውቅ ሰው ዳሌትና ሬሽ የሚባሉትን ፊደሎች አይለይም። ልዩነታቸው ከላይ፣ በቀኝ በኩል ወጣ ያለች ትንሽ ጫፍ ናት። ያቺ ጫፍ ከጠፋች ሀዳሳ መሆኑ ቀርቶ «ሃርሳ» ይሆናል፤ አፈረሰች ማለት ነው። ልጄ እንዲህ ተጽፎባት ውትድርና አትገባም።

ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዕብራይስጥ አንዳንድ ኮምፒውተር ከግራ ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል። ያንቺ ስም በሄይ ጀምሮ በሄይ ስለሚያልቅ፣ ቢገለበጥም ዳርና ዳሩ ልክ ይመስላል። የሚቀያየሩት መሃል ያሉት ዳሌትና ሳሜክ ናቸው። በጥድፊያ ካየሽው ያመልጥሻል።

በፈረንጆቹ 1985 መጀመሪያ ከሱዳን መጥተን መርከዝ ክሊታ፣ አዲስ መጪዎች የሚያርፉበት ማዕከል ስንገባ፣ አንዲት ሴትዮ ስማችንን ትመዘግብ ነበር። ተራዬ ደረሰና «ወርቅነሽ» አልኳት። ሞከረችው፣ አልሆነላትም። «ዜሃቫ» ብላ ጻፈች። ክፋት አልነበራትም፤ ያው ወርቅ ነው። ግን ማንም አልጠየቀኝም። ክፍል ውስጥ ዜሃቫ ሲባል ዞር ብዬ ሌላ ልጅ እፈልግ ነበር። አያትሽ አስቴር ስለሆነች የሷን አልነኩባትም። የኔን አዲስ ስም ግን አንድ ቀን አልጠራችውም። በዚያ ስም ደብዳቤ ሲመጣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ትል ነበር። መታወቂያዬን ወርቅነሽ ብዬ ሳስቀይር እሷ አፈር ለብሳለች። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንቺን ስም ያወጣችው እሷ ናት። አገር ቤት ጾመ አስቴርን ሳታጓድል የጾመች ሴት፣ መጽሐፉ ላይ አስቴር ሀዳሳም እንደምትባል አሳምራ ታውቃለች። አቅፋሽ «ሌላኛው ስሜ ለሷ ይሁን» አለች። እኔም አባትሽም እሺ አልን። ስለዚህ ዳሌቷን ሳታዪ አንድ ሼቄል እንዳትከፍዪ!

ጠርዙ ከመስታወቱ ከፍ ያለውን ምረጪ፤ ስልክ ከእጅሽ አይበረክትም። የስልክሽን ሞዴል ሴቲንግ ገብተሽ አይተሽ ጻፊ እንጂ በግምት አትዘዢ። የመታወቂያ ቁጥርሽን ከስሙ ሥር እንዳታሳትሚ። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ። ናሙናውን ሲልኩልሽ ዳሌቷን አጉልተሽ ላኪልኝ፤ እኔም ልያት።

የክረምት ካልሲሽን ገዝቼልሻለሁ። አርብ ሰንበት ሳይገባ ድረሺ፤ አውቶብስ እንዳያመልጥሽ።

እናትሽ ወርቅነሽ