ደን ሲከለል ማን ምን አጣ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ ደኑን ጠበቁት ወይስ ጨረሱት?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጽፍልዎ ወደድኩ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱንም አድርገዋል። ነገሩን ያመጣው ባቡር ነው። በ1853 የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ከቦምቤይ ከተነሣ በኋላ ለአንድ ማይል ሐዲድ ከ1,760 እስከ 2,000 አጋዳሚ እንጨት ይነጠፍ ነበር። ምስጥና ዝናብ የሚችለው ደግሞ በዋናነት ቲክ፣ ሳልና የሂማላያው ዲዮዳር የሚባሉት ዛፎች እንጨት ነው። እነዚህ ሲመናመኑ መንግሥት ደነገጠ። በ1864 ዲትሪሽ ብራንዲስ የተባለ ጀርመናዊ የደን ዋና ኢንስፔክተር ሆነ፤ በ1865 ሕግ ወጣ፤ በ1878 ሕጉ ከረረ። ብራንዲስ እንኳ መንደሮች የራሳቸው ደን ይኑራቸው ብሎ ተከራክሮ ነበር። የመንደር ደን ሕጉ ውስጥ ገባ፣ ግን በወረቀት ቀረ።

አከላለሉን ልብ ይበሉ። መንግሥት ቦታውን ሊከልል ማሰቡን ያውጃል። የተመደበው ሹም አዋጁን በአካባቢው ቋንቋ በየመንደሩ ያስነግራል። መብት አለኝ የሚል ቢያንስ በሦስት ወር ቀጠሮ በጽሑፍ ወይም በቃል ያመለክታል። ያላመለከተ መብቱ ተሰረዘ። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ከብቱን ይዞ ወደ ሌላ አገር የወረደ ዘላን አዋጁን የት ይሰማል? ማገዶ ለመልቀምስ ማመልከት እንደሚያስፈልግ ማን ይጠረጥራል?

ከሁሉ የከፋው ጫካ መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ በአመዱ ላይ ዘርቶ ለጥቂት ዓመት አርሶ የሚለቀው ገበሬ ዕጣ ነው። የእሱ እርሻ በሕጉ እንደ መብት አልተቆጠረም፤ ቢፈቀድም መንግሥት በፈለገ ጊዜ የሚነሣው ችሮታ ነው። ለግብርም አይመችም፤ ዘንድሮ የታረሰው ለከርሞ ጫካ ነውና። መካከለኛው ህንድ የሚኖሩት ባይጋዎች፣ ማረሻ የእናት ምድርን ጡት ይቀድዳል ብለው የሚያምኑ፣ በሬ ጠምዳችሁ እረሱ ተባሉ።

እረኛው ፈቃድ ይዞ መግባት ግዴታው ሆነ። ወረቀቱ ላይ የከብቱ ቁጥርና የተከፈለው ግብር ይጻፋል፤ ጊዜው ካለፈ ቅጣት አለ። አዳኙ በአንድ ሌሊት ሌባ ተባለ፤ ሹማምንቱና መሳፍንቱ ግን ታይገር ያድኑ ነበር፤ መንግሥትም ለሚገድል ሽልማት ይሰጥ ነበር። ከ1875 እስከ 1925 ለሽልማት የተገደለው ታይገር ከ80,000 እንደሚበልጥ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

በሰሜን ህንድ ኩማኦን በተባሉት የሂማላያ ተራሮች ላይ የሆነውን ግን ዘርዘር ላድርግልዎ፤ ጉዳዩ የዛፍ ብዛት ሳይሆን የዛፍ ዓይነት መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ የፈለገው ቺር ፓይን የተባለውን ዛፍ ነበር፤ ለሙጫውና ለእንጨቱ። የገበሬው ሕይወት ግን ኦክ በሚባለው ሌላ ዛፍ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ርጋፊው በረት ውስጥ ተነጥፎ ለማሳ ፍግ ይሆናል። ከፓይን ሥር ደግሞ መርፌ የመሰለው ቅጠል ስለሚከመር ሣር አይወጣም፤ ስለዚህ ሕዝቡ በበጋ ያቃጥለዋል፣ ዝናብ ሲጥል ለምለም ሣር ይበቅላል። ይህ እሳት ወንጀል ሆነ። ይባስ ብሎ፣ በደኑ የመጠቀም መብት የቀረለት ሰው ሌላ እሳት ሲነሣ ወጥቶ የማጥፋት ግዴታ አለበት። በ1921 ሕዝቡ የመንግሥትን የፓይን ደን ሆን ብሎ አቃጠለ። ያኔ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1931ም መንደሮች ደናቸውን በምክር ቤት እንዲያስተዳድሩ ደንብ ወጣ። ብራንዲስ የለፈለፈለት ነገር በእሳት ተገኘ ማለት ነው።

የተጠቀመም አለ። እንጨት ለመቁረጥ ጨረታ የወሰደው ተጫራች፣ በዱር ውጤት ንግድ ላይ ብቸኛ ፈቃድ ያገኘው ኩባንያ፣ እጁን የዘረጋው ደን ጠባቂም አልከሰሩም።

ህንድ በ2006 የደን ነዋሪዎችን መብት የሚያውቅ ሕግ አውጥታለች። መንግሥት በጎሳነት ከመዘገባቸው ሕዝቦች ውጭ የሆነ አመልካች ግን ሦስት ትውልድ፣ ማለትም 75 ዓመት፣ እዚያ መኖሩን ማስረዳት አለበት። የሽማግሌዎች ቃል ተጽፎ ከቀረበ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ